የሠላሳ ሰባት ቁጥር እግር

የካቲት 3፣ ሰኞ

የልጅ ልጄ ዛሬ የብስክሌት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በካልሲዋ ደረጃውን ወጣች። የግራው ሶል መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። መብራት ሥር አድርጌ አየሁት፤ አይጠገንም። ሶል ከተሰነጠቀ በኋላ የሚቀባው ማስቲሽ ሁሉ ለማስመሰል ነው። ይህን የምለው ዕድሜዬን በጫማ ፋብሪካ ስለፈጀሁ ነው።

የተሰነጠቀው በክፉ ጊዜ ነው። መጋቢት 21 የክለቡ ማጣሪያ ውድድር ይካሄዳል። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ቋሚ ቡድን ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ሥራዋ ብስክሌት መንዳት ብቻ ይሆናል። የቀሩት እንደ እስካሁኑ ከእንጀራቸው በተረፈች ሰዓት ይነዳሉ። ደንቡ ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ የሆነ አዲስ ሰው አይቀበልም። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የዘንድሮው ካመለጣት አመለጣት።

እሷ የምትሠራው መድኃኒት መጋዘን ነው። ንጋት ላይ ልምምድ፣ ከዚያ ሥራ። ከሥራ ስትወጣ የብስክሌት ዕቃ ሱቁ ተዘግቷል።

«እኔ ሄጄ እመርጥልሻለሁ» አልኳት።

«እማማ፣ የብስክሌት ጫማ እኮ የመራመጃ ጫማ አይደለም።»

«ጫማ ጫማ ነው። እግርም እግር ነው።»

ሳቀች። «እሺ፣ የሠላሳ ሰባቷ።»

የፋብሪካ ስሜ ነው። አዲስ የሴት ጫማ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚሰፋው በሠላሳ ሰባት ቁጥር ነበር፤ የሚሞከረው ደግሞ በእኔ እግር። «የሠላሳ ሰባቷ ትምጣ» ይባላል። የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛዬን ትቼ እሄዳለሁ፤ ጫማውን አድርጌ ኮሪደሩን እመላለስበታለሁ፤ ከዚያ የት እንደሚቆረቁር እናገራለሁ። «ትንሿ ጣት ላይ» ካልኩ ፎርማው፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበት የእንጨት እግር፣ ተመልሶ ይሞረዳል። «ደህና ነው» ካልኩ ሺህ ጥንድ ይሰፋል። ተሳስቼ አላውቅም። ልጅቷም ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው። ሌላ ከተማ ያለችው እናቷ የአባቷን ሰፊ እግር ወረሰች፤ ይህቺ ግን የእኔን ወሰደች። ግልባጬ ናት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበረ ይላሉ፤ አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው ሰው የሚቀበለው።

«ለማን ነው፣ እናቴ?»

«እኔ ነኝ የምለካው» አልኩት። ከፀጉሬ እስከ እግሬ አየኝ። ከዚያ አስረዳሁት።

መጀመሪያ ያመጣው ከሥሩ ሁለት ብሎን የሚገባበት ነበር፤ ለጭቃና ለኮረኮንች የሚሆን። መለስኩት። ለአስፋልት ባለ ሦስት ብሎን እንደሚያስፈልግ ልጅቷ ነግራኛለች። ቀጥሎ ሁለት ጥንድ አቀረበ። አንዱ ግራጫ፣ ሶሉ ናይለን፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ በሚለጠፍ ማሰሪያ የሚዘጋ። ሌላው ነጭ፣ ሶሉ ካርቦን የሚሉት፣ እንደ ብርጭቆ የማይታጠፍ፣ በምትጠመዘዝ ትንሽ ቁልፍ የሚጠብቅ። ሶሉ በጠነከረ ቁጥር ጉልበት አይባክንም አለኝ። ይህ ትክክል ነው።

ግራጫውን አደረግኩት። ልቅ ነው፤ እግሬ ውስጡ የሌለ ያህል። ነጩን አደረግኩ። ቁልፏን ጠመዘዝኳት፤ ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ በተረከዜ ተራምጄ አየሁት። ተረከዙ አይወልቅም። ጎኑ አይጫንም። ጣት አይነካም። እንዲህ ያለ ጫማ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሁለት ሦስቴ ቢገጥመኝ ነው። የትም ቦታ ምንም አይሰማም።

«እናቴ፣ ይሄ ፊቱ ጠበብ ይላል» አለ ባለሱቁ። «ልጅቷ ራሷ ብትመጣ አይሻልም? ብሎኑ አንዴ ከታሰረ መቀበል አልችልም።»

«እግራችን አንድ ነው።»

«መንትዮች እንኳ እኮ እግራቸው...»

«እሰርልኝ።»

አሰረው። ከሶሉ ሥር በብሎን የሚታሰረውን፣ ከፔዳሉ ጋር የሚቆላለፈውን ፕላስቲክ ክሊት ይሉታል። ሲያስር ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ነጋዴ ድሮም የሚወደው ያልተሸጠለትን ዕቃ ነው፤ ግራጫው አቧራ ለብሶ ነበር።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ባቄላ የሚያክል ጠጠር ወደቀ። መቼ እንደገባ እንጃ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

በነጩ ጫማ መጀመሪያ ቀን። ደስ ብሏት ተመለሰች። «ዳገት ላይ ስረግጠው ሁሉም ወደ ጎማው ነው የሚሄደው፣ እማማ። ቀላል ነው።» ትንሽ ያዝ አድርጎኛል አለች፤ ጎኑ ላይ። አዲስ ጫማ ነው፣ ይለምድሻል አልኳት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ በፋብሪካው የላይኛውን ቆዳ ትሰፋ የነበረችው፣ ጠዋት በሬን አንኳኳች። አንዷን ነጠላ ጫማዬን በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«እትዬ፣ ይቺን ደረጃው ላይ ትተሻት ገባሽ። ለማን ነው፣ ለድመቷ?»

«ሐሳብ ላይ ነበርኩ።»

«በአንድ ባዶ እግርሽ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥተሽ?»

ነገር ማጋነን ልማዷ ነው። ድሮም ስፌቷ ቀጥ ይል ነበር፣ ወሬዋ ግን አይልም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጎኑ አሁንም ይይዛታል። ካልሲ ለወጠች፤ ስስ። በሩጫ ላይ ነኝ፣ ወተቱ ሊገነፍል ነው።

የካቲት 16፣ እሑድ

ረጅም ልምምድ ነበራት። ስትገባ ልብሷን ሳትቀይር ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀኝ እግሯን ጭኗ ላይ አውጥታ ታሽ ጀመር።

«ትንሿ ጣቴ ጋ ይጀምረኛል» አለች። «ከዚያ ግማሽ እግሬ ይጠፋል።»

«እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«ይደነዝዛላ። እንዳለ አላውቀውም። የምረግጠው በጉልበቴ ይመስለኛል።»

«እሱ ምንም አይደለም፤ የሰው እግር እንደዚያ ይላል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የማን እግር?»

ውሃው እየፈላ ስለነበር ተነሳሁ።

በሳፋ ቀላቅዬ አቀረብኩላት። ከማቅረቤ በፊት በእግሬ ሞክሬዋለሁ፤ ለብ ያለ ነበር። እሷ ግን ገና ጣቷን ከማስገባቷ አስፈንጥራ አወጣችው፤ ቀይ ሆኗል። «እማማ፣ ይሄ እኮ ዶሮ ያስነጫል» አለች እየሳቀች። ቀዝቃዛ ጨመርኩበት። የዛሬ ልጆች ቆዳቸው ስስ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤታችን የመኝታ ቤት ኃላፊዋ በክረምት በበረዶ ውሃ፣ በበጋ በሚፋጅ ውሃ እግር ታሳጥበን ነበር፤ እስከ ማለቂያው የሚቆጥር እንጂ የሚጮህ ልጅ አልነበረም።

አሠልጣኟ ክሊቱን ወደ ኋላ ሳብ እናድርገው ብሏል። ይሞክሩት።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ክሊቱ ወደ ኋላ ተሳበ። ለውጥ የለም። ወደ ውስጥ ዘወር ተደረገ። ለውጥ የለም። ቁልፏን አላላቻት፤ ያን ጊዜ ተረከዟ ይወልቃል። ቁርስ ላይ እነዚህን ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ነገረችኝ። አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 23፣ እሑድ

ዛሬ ውሃ ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አሠልጣኙን ልጆቹ ፉጨት ይሉታል፤ ከቃል ይልቅ በፉጨት ስለሚናገር። ከረዳቱ ጋር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወሩ ነበር።

«ሳንባ አላት፣ ጭን አላት» አለ ፉጨት። «ዳገቱ መሐል ላይ ግን እግሯን ከፔዳል አውጥታ ታራግፋለች፤ እንደ ድመት።»

«ጫማው ነው ትላለች።»

«ጫማው ምን ሆነ? ከሁሉም ልጆች የተሻለ ጫማ ያደረገችው እሷ ናት። የጨነቀው ሰው ሰበብ አያጣም።»

ትክክለኛ አነጋገር ነው። የተሻለ ጫማ ነው። እኔው ነኝ የመረጥኩት።

በልምምዱ ውድድር ከአምስቱ ሴቶች አራተኛ ወጣች።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ራት ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ ምናልባት ጫማው ጠቦኝ ይሆን?»

እዚያው ተነሳሁ። ጫማውን ከበሩ ጀርባ አምጥቼ አደረግኩት፤ ቁልፏን እሷ ከምታጠብቀው በላይ አጠበቅኩ፤ ኮሪደሩን ሄጄ ተመለስኩበት። ክሊቱ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሳህኗን ይዛ ታየኛለች።

«የት ነው የሚጠበው? አሳዪኝ» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አንቺ ጋ ምንም አይልሽም?»

«ምንም።»

«አንድም ቦታ?»

«አንድም። ጫማው ደህና ነው። የጠበበው ወኔሽ ነው።»

ሳህኗን አጠበች። አድርቃ ደረደረች። «እሺ እማማ» ብላ ገባች።

ይህ የተባለው ከቀኑ መጨረሻ ላይ ስለደከመኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። አልደከመኝም ነበር። ሰው ያስተምራል ብዬ የማስበውን ነገር ነው የተናገርኩት፤ ስናገረውም ድምፄ የዚያች የመኝታ ቤት ኃላፊ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። እሷ ይህንኑ ትለን ነበር፦ ጫማው አልጠበበም፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው። ብዙዎቻችን ጥፍራችን ጠቁሮ ነው ትምህርት የጨረስነው። ያን ጊዜ ትጠላኛለች ብዬ አስብ ነበር። ኋላ ግን፣ ፋብሪካ ገብቼ፣ ስለ ጫማ አውቃለሁ የምለውን ሁሉ ያወቅኩት ከእነዚያ ጥብቅ ጫማዎች ነው እያልኩ አወራ ጀመር። ሰው ሲያረጅ የተገረፈበትን አለንጋ ያመሰግናል። ልጅቷን ግን እንዲህ ለማለት አላሳደግኳትም።

ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኛል። ጫማው ግን ደህና ነው። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚባሉ አላውቅም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

«እሺ እማማ» እና «ደህና እደሪ» ብቻ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ልጅቷ ሥራ ሄዳለች። ነጩን ጫማ አወጣሁት። በፋብሪካ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባን የመጨረሻው ዘዴ ይህ ነበር፦ በኮሪደር መመላለስ ሳይሆን አድርጎ ሥራ መሥራት። ስለዚህ አደረግኩት፣ እሷ እንደምታደርገው በራሷ ስስ ካልሲ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ የልብስ ስፌት መኪናዬን ፔዳል እየረገጥኩ ለመጋረጃው ጠመዝማዛ ዳር ሰፋሁለት። መጋረጃው አልቆ ሌላውን ጀመርኩ። ምንም። ጫማው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። እውነተኛው ነገር የታወቀ መሰለኝ።

ሳወልቀው ካልሲው ጎኑ ላይ ቀይ ሆኗል። የጫማው የውስጥ ቀለም የለቀቀ መሰለኝ፤ ርካሽ ቀለም ሲያልብ ይለቃል። ግን ውስጡ ጥቁር ነው።

ካልሲውን አወለቅኩ። ትንሿ ጣቴ ጎኗ ተልጧል፤ በደንብ። የአውራ ጣቴም ሥር ቆስሏል።

ካልሲውን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አጥቤ ከፎጣው ሥር ሰቀልኩት። እግሬን በጨርቅ ጠቀለልኩ። መጋረጃው አምሯል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ስለ እግሬ የማስበው እንዲህ ነው። ብርድ ነው። ዕድሜ ነው። ያን ቀን ስፌት ላይ አተኩሬ ስለነበር ነው። ሰው ሲያተኩር ምንም አይሰማውም፤ የሰፊዎቹን ጣት ስንት ጊዜ መርፌ ወግቶ ሳያውቁት ይሰፉ ነበር።

ከመርፌ መያዣዬ አንዱን አነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስለ መርፌው መጻፍ አልፈልግም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የልምምድ ውድድር። አራተኛ። ፉጨት እንኳ አላፏጨባትም፤ ሰዓቱን አየ። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ፊቷን አየሁት። ያ ወኔ የጠበበው ሰው ፊት አይደለም። ያ የሚያመውን ነገር ይዞ የሚቆጥር ሰው ፊት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጎረቤቴ መጥታ ስለነበር አልተመቸኝም። (ጎረቤቴ የቆየችው ጨው እስካበድራት ድረስ ነው።)

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት ቸኩላ ወጣች። ማታ ደክሟት ነበር። አልነገርኳትም። በየቀኑ በዚያ ጫማ ትነዳለች፤ በየቀኑ አውቃለሁ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ተናገርኩ። እንዲህ ብዬ፦ «ያ ባለሱቅ ሳያታልለን አልቀረም። የጫማው ቁጥር ትክክል አይመስለኝም።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሰውዬው እኮ ትናንት መጋዘናችን መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ነበር» አለች። «ጫማው እንዴት ሆነ አለኝ። ይጠባል ብዬ ስነግራት እሰርልኝ አለችኝ ነው ያለኝ።»

ሳህኔን ወደ ጎን ገፋሁ።

«ቅር አላለኝም፣ እማማ። ግን ለምንድነው እሱ ላይ የምታደርጊው?»

«እሱ ላይ አላደረግኩም።»

«ከፎጣው ሥር ያለውን ካልሲዬንም አየሁት። ደሙ በደንብ አለቀቀም።» ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ነጠላ ጫማዬን አወለቀችና ጨርቁን ፈታችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ቁስሉን በጣቷ ዙሪያውን ተጫነችው።

«ያምሻል?»

«አያምም።»

«ይሄስ?»

«አያምም።»

«እማማ፣ ይሄ ማመም አለበት።»

ከዚያ ወዲያ ለማንም ያልነገርኩትን ተናገርኩ። ሁለት ክረምት ሆኖኛል አልኳት። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ውስጥ እግሬ። ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ለናትሽ እንዳትነግሪ አልኳት፤ ይህን ከሰማች ይህን ቤት አስዘግታ ትወስደኛለች።

ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሱቁ ሄደሽ ስትለኪልኝ ይህን ታውቂ ነበር?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። «እግሬ ልክ ነው ብዬ ነው» አልኩ።

ተነስታ ጨርቅና ቅባት አመጣች። እግሬን በደንብ ጠቀለለችው፤ እኔ ከጠቀለልኩት በጣም ይሻላል። እያነጋገረችኝ ግን አልነበረም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ከሥራ በጊዜ መጣች፤ አስፈቅዳ። እግር ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ የሚለካው ያን ጊዜ ነው። ይህን እኔ ለሺህ ሰው ነግሬያለሁ፤ የራሷን እግር ግን አንድም ቀን አልለካሁም። ምን ያስለካል ብዬ፤ ግልባጬ ናት ብዬ።

ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። «በሁለቱም እግርሽ ቁሚ፣ ክብደትሽን አሳርፊ» አልኳት። ተንበረከኩ። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ እርሳስ ወደ ውስጥ ካጋደለ እግሩን ያሳንሰዋል። ከተረከዙ ጀምሬ በውጭ ጎን ወጣሁ፣ ጣቶቹን ዞርኩ፣ በውስጥ በኩል ወረድኩ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

አጠገቡ የእኔን አስቀመጥኩ። የእኔ እግር ንድፍ ያለው ከፋብሪካው ስሰናበት በሰጡኝ ካርቶን ላይ ነው፤ በመስታወት ሠርተው ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው የሰጡኝ።

ርዝመቱ አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ የሚሆን ነገር የለም። ጣቶቿ ሥር የእግሯ ወርድ ከእኔ በጣም ይሰፋል። ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ ትወጣለች። ግራዋ ከቀኟ ረዘም ይላል። የእኔ እግር ቀጭን፣ ጣቶቹ ወደ መሐል የተሰበሰቡ ናቸው፤ በልጅነት በጫማ የተሰበሰበ እግር ነው። የእሷ ማንም ያልሰበሰበው ነው። ከእኔ ጋር በባዶ እግሯ ነዋ ያደገችው፤ ጫማ አውልቂ ስላት እየሮጠች።

«ያንቺ እግር ያምራል» አልኳት።

«እማማ፣ ተነሺ፣ ጉልበትሽን።»

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አብረን ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ሲያየን አላሾፈም፤ ወንበር አመጣልኝ። ብዙ አልተናገርኩም። ከእያንዳንዱ ጫማ የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከንጣፉ ጎን የእርሳሱ መስመር ከወጣ ያ ጫማ አይሆንም። ግራጫው ብቻ መስመሩን ሸፈነው።

ከዚያ እሷ አደረገችው። እኔ ጠየቅኩ፣ እሷ መለሰች።

«ጣቶችሽ ይንቀሳቀሳሉ?»

«አዎ።»

«ተረከዝሽ?»

«አይወልቅም።»

«ጎኑ?»

ቆመች። አሰበች። በእውነት አሰበች። «ይነካኛል፣ ግን አይጫነኝም።»

ይህ ጥሩ መልስ ነው። በፋብሪካ ጊዜ እንደዚህ የሚመልስ ሰው ብናገኝ ምነው። ሶሉ የናይለን ነው፤ ከካርቦኑ ትንሽ ይታጠፋል፤ ከበድ ይላል። ይሁን። የማይሰማት እግር ከሚታጠፍ ሶል የበለጠ ጉልበት ያባክናል።

ነጩ ጫማ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነው። ማንም አይወስደውም፤ ብሎኑ ምልክት ጥሎበታል።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

እግሯ አልጠፋም። ዳገቱን ሁለቴ ሳታራግፍ ወጣች። ትንሽ ታነጋግረኛለች። ስለ ንፋስ፣ ስለ ጎማ። በልታ ነው የወጣችው።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ውድድሩ።

ጎረቤቴ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ። መጨረሻው መስመር አጠገብ ቆምን። ከዳገቱ ጫፍ ሦስት ሆነው ብቅ አሉ፤ ከዚያ ሁለት። ልጅቷና አንዲት ረጅም እግር ያላት፣ ከእሷ በሁለት ዓመት የምታንስ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር። እግሯ ይታየኝ ነበር፤ ሙሉ ዙር፣ ሳይሰበር። እንዲህ ስትነዳ አይቻት አላውቅም። «ነይ፣ ነይ» እያለች ጎረቤቴ ክንዴን ትደቁሳለች። መስመሩ ሊደርሱ ሲሉ ረጅሟ ጎማዋን አስቀደመች። ግማሽ ጎማ ቢሆን ነው።

ሁለተኛ።

ውሃ ይዤ ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ትተነፍሳለች። ፉጨት ከፊቷ ቆሞ ነበር።

«እንዲህ መንዳት ትችዪ ከነበረ» አላት፣ «የካቲትን ሙሉ የት ነበርሽ? ያን ወር በእግርሽ ውስጥ ብታስቀምጪው ኖሮ ዛሬ ትበልጫት ነበር።»

«የጫማ ልኬን ተሳስቼ ነበር» አለች።

ፉጨት ወደ እኔ አየ። የውሃውን ጠርሙስ ይዤ ቆሜያለሁ። ክዳኑ ላልቶ ስለነበር አጠበቅኩት።

«ልክ መሳሳት የራስ ጥፋት ነው» ብሏት ወደ ረጅሟ ሄደ።

ጠርሙሱን ሰጠኋት። ጠጣች። «ደህና ነሽ እማማ? ፀሐይ ላይ ነው የቆምሽው» አለች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሥራ ሄደች።

ጎረቤቴ ወጥታ «ሁለተኛ መሆንም እኮ ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ለእሷ የሚቀጥለው ዓመት የለም። ያን ወር የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ እሷ ሳትሆን። ጎረቤቴ መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ከዚያ እግሬን አሳየኋት። «እትዬ፣ ታዲያ ትናንት እዚያ ሆነሽ ለሰውዬው ለምን አልነገርሽውም?» አለች። ስፌቷ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ወሬዋም ቀጥ ይላል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ልጅቷ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች። እምቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ጥንቁቅ። እግሬን አጥባ ሰሌን የመሰለ መጋረጃ ካለበት አልጋ ላይ ዘረጋችው። በእጇ ቀጭን የናይለን ክር ይዛለች።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ። በቃ ይህ ነው።»

ጨፈንኩ። ነርሷ በርጩማ ላይ ነበረች። ወደ እግሬ ስታጎነብስ በርጩማው ሲጥ ይላል። ይህን ያወቅኩት ወዲያው ነው።

ሲጥ። «አዎ።»

ሲጥ። «አዎ።»

ሲጥ። «አዎ።»

«ጎበዝ» አለች ነርሷ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ለናቷ ምን እንደምንላት ሁሉ አሰብኩ፦ ነርሷ ራሷ ደህና ናት ብላለች።

ሲጥ አለ። «አዎ» አልኩ።

ከግድግዳው በኩል የልጅቷ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ። «እማማ፣ አሁን እኮ አልነካችሽም። የወደቀ እስክሪብቶ ልታነሳ ነው ያጎነበሰችው።»

ዓይኔን አልገለጥኩም። ነርሷ «እንደገና እንጀምር» አለች።

በርጩማው ሲጥ አለ። ጠበቅኩ። እንደገና ሲጥ አለ። ጠበቅኩ። ልጅቷ አጠገቤ ስትመጣ ጫማዋ ይሰማኛል። ሲጥ። ሲጥ። አውራ ጣቴ ላይ ትሁን፣ ትንሿ ጣቴ ላይ፣ ተረከዜ ላይ፣ አላውቅም፤ አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ። ነርሷ የጻፈችው ብዙ ነው፤ እስክሪብቶዋ ይሰማል። ቁርጭምጭሚቴን አልፋ ወደ ላይ ስትወጣ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ጉንዳን የምታክል፣ ቆዳዬን ነካችኝ።

«አዎ» አልኩ። «ከዚህ ጀምሮ ነው።»